አሮጌ ኮምቢን ማደሪያ ማድረግ፦ ጣርማበርን የሚወጣ ቀላል የውስጥ ዕቃ እንዴት ይሠራ?

ሰማያዊ ኮምቢ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ወገኖች። እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራ ኮምቢ ቮልስ ከአጎቴ ገዝቻለሁ። 1600 ሞተሩ ታድሷል። ዝገቱንም ባትላሜራ አጽድቶ ቀብቶልኛል። ውስጡ ግን ባዶ ነው፤ ከሹፌሩ ወንበር ኋላ አንድም ነገር የለም።

ሐሳቤ ከባለቤቴና ከስድስት ዓመት ልጃችን ጋር እያደርን የምንዞርበት ማድረግ ነው። አንኮበር፣ ጓሳ፣ አልፎ አልፎም ቆላ ወርደን ሸዋ ሮቢት። በሥራ ቀን ደግሞ ዕቃም ሰውም እጭንበታለሁ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች በ18 ሚሊ ቺፑድ የተሠራ ባለ መሳቢያ ቁምሳጥን። ከኋላ በቱቦላሬ የተበየደ አልጋ። 100 ሊትር የውሃ ታንከር። የተገጠመ ባለ ሁለት ምድጃ ቡታ ጋዝ ከነሲንኩ። 200 አምፒር ባትሪ። መኪናው ወደ አንድ ቶን መጫን ስለሚችል ክብደቱ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ብርዱ ነው። የደብረ ብርሃንን ኅዳር ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው። በምን ልሸፍነው?

ቁልቁለት (ደብረ ሲና)

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። መካኒክ ነኝ፤ ብርዱን ለሌሎች ትቼ ስለ ክብደቱ ልናገር።

አንድ ቶን የሚለው ቁጥር ልክ ነው። ግን የሚነግርህ ሻንሲውና ጎማው የሚችሉትን እንጂ ሞተሩ ዳገት ላይ የሚችለውን አይደለም። ያ ሞተር ሲወጣ ወደ 50 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ እሱም ባሕር ጠለል ላይ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ይቀንሳል ብለህ ያዝ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ ጣርማበር ከ3,000 በላይ። እዚያ ስትደርስ በእጅህ ያለው 35 ፈረስ ገደማ ነው። በዚያ ላይ ሞተሩ ውሃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀትም እንደ ልብ አይወስድም።

ቁልቁለቱ ይብሳል። ከጣርማበር ዋሻ ሸዋ ሮቢት እስክትደርስ ከ1,700 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። የጫንከው እያንዳንዱ ኪሎ ፍሬንህ ላይ ሙቀት ሆኖ ይመጣል። ፊት ለፊቱ ዲስክ ቢሆንም የኋላው ከበሮ ነው። ፍሬን ላይ ተኝተህ አትውረድ፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ይህን ማንም ሹፌር ይነግርሃል። ከመኪናው 200 ኪሎ ከቀነስክ ግን ማርሹም ፍሬኑም ያመሰግኑሃል።

ዋናውን ልንገርህና ላብቃ። ከኋለኛው መስኮት ጎን፣ ላሜራው ላይ የተሰነጣጠቁ መተንፈሻዎች አሉ። ሞተሩ የሚቀዘቅዝበት አየር የሚገባው በእነሱ ነው። ከውስጥ በኩል ያለው ክፍት ቦታ ባዶ ስለሚመስል ብዙ ሰው ፎም ይጠቀጥቅበታል። እዚያ ውስጥ ምንም አታስገባ! ሞተሩ ታፍኖ ይነክሳል። ከኋላ ወለሉ ላይ ያለውን የሞተር መክፈቻም በአልጋ አትዝጋው፤ አልጋው ተነስቶ የሚከፈት ይሁን።

አናጺው (ጠባሴ)

ልጄ፣ ዕቅድህን አየሁት። ዕቃውን ለቤት ብትሠራው ጥሩ ነበር። ለመኪና ግን ሌላ አሠራር ነው።

አስበው። 18 ሚሊ ቺፑድ፣ አንዱ ሙሉ ጣውላ 36 ኪሎ ገደማ ነው። ያልከውን ቁምሳጥን ለመሥራት አራት ያስፈልግሃል፤ 140 ኪሎ አለፈ። ውሃው 100 ኪሎ። 200 አምፒር የአሲድ ባትሪ ወደ 60 ኪሎ። ሦስቱ ብቻ 300 ኪሎ ናቸው፤ ገና ሰው አልተሳፈረም። ቺፑድ ደግሞ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፤ በጠጠር መንገድ ሲናጥ ቪቱ ቦታውን እየሰፋ ይለቃል። መኪና ውስጥ ከዓመት በላይ ጥብቅ ብሎ የቆየ የቺፑድ ሥራ አላየሁም።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ፍሬሙ 2 በ3 ሳንቲ የሆነ ቀጭን እንጨት፤ ከአሮጌ ዕቃ የተገኘ ዋንዛ ካለህ እሱን የሚያህል የለም። ቀላል ነው፣ አይሰነጠቅም፣ ለእጅ ይታዘዛል። የፈረንጅ ጥድም ይሆናል። ባህር ዛፍ ግን ከባድ ነው፤ ይጣመማልም። ፍሬሙን ባለ 6 ሚሊ ኮምፔርሳቶ አልብሰው። አንዱ ሙሉ ጣውላ 11 ኪሎ ቢሆን ነው። ኮላ ቀባና በቪት እሰረው፤ ምስማር አትምታበት። ኮላው ሲደርቅ ፍሬሙና ልባሱ አንድ አካል ይሆናሉ፤ ጥንካሬው ከዚያ ነው የሚመጣው። ውፍረት አይደለም የሚሸከምልህ፤ ቅርጹ ነው።

መሳቢያ የሚባል ነገር እርሳው። መሳቢያ ማለት ሳጥን ውስጥ ያለ ሳጥን ነው፤ እንጨቱን እጥፍ ታደርገዋለህ፣ የብረት ሐዲዱ ይጨመርበታል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ራሱን ከፍቶ ይወጣል። ክፍት መደርደሪያ ሥራና ፊቱ ላይ አራት ጣት የምታህል ከንፈር አድርግለት። መዝጊያው አቡጀዲ መጋረጃ ይሁን፤ ከላይና ከታች በላስቲክ ገመድ የተወጠረ። ዕቃው አይወድቅም፤ አየርም ስለሚገባ ልብስህ አይሻግትም። ለማያዩት ጀርባና መከፋፈያ ደግሞ በክብ መጋዝ ትልልቅ ቀዳዳ አውጣበት፤ ከእንጨቱ ሲሶው ይቀንስልሃል።

አንድ ነገር ልጨምር። መኪናው ላይ አዲስ ቀዳዳ አትብሳ። ወለሉ ላይ የድሮ ወንበሮች ይታሰሩባቸው የነበሩ የቡሎን ቀዳዳዎች አሉ። ሁሉንም ዕቃ በእነሱ እሰር። ሰኞ ጠዋት አራት ቡሎን ፈትተህ አውርደኸው መኪናህን ለሥራ ትወስዳለህ። ፈረንጆቹም መጀመሪያ እንዲህ ነበር የሠሩት፤ ዌስትፋሊያ የሚባለው የጀርመን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ለኮምቢ ያወጣው ሥራ ወጥቶ የሚገባ ሳጥን ነበር።

ሰማያዊ ኮምቢ (ደብረ ብርሃን)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነገሩ እንደ አዲስ ነው የተገለጠልኝ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ልጨምርብዎ። በ6 ሚሊ ኮምፔርሳቶ የተሠራ አልጋ ሁለት ሰው ይችላል? ልጁንስ የት ላስተኛው?

አናጺው (ጠባሴ)

አልጋው ላይ 9 ሚሊ አድርገው። ከሥሩ በየ25 ሳንቲው መቀነት (አግድም የተጋደመ እንጨት) ካለው ሁለት ሰው ቀርቶ ሦስት ይችላል። ቀን መቀመጫ፣ ማታ አልጋ አድርገህ ነው የምትሠራው። የመቀመጫው ጀርባ ወደ ኋላ ሲተኛ ከሞተሩ በላይ ካለው ወለል ጋር እኩል ይሆናል፤ እዚያ ላይ እግር ይዘረጋል። ከፍታውን ከሞተሩ ወለል ለካ እንጂ ከራስህ አትነሳ። ፍራሹ 10 ሳንቲ ጠንካራ ስፖንጅ ይሁን፤ ሁሉም ከ6 እስከ 7 ኪሎ ነው። የጥጥ ፍራሽ ለቤት ነው፤ እዚህ ክብደቱም እርጥበት መያዙም አይመችህም።

ለልጁ ሸራ ስፋለት። ጠንካራ የመኪና ሸራ፣ ግራና ቀኙ ላይ ዘንግ የሚያስገባ እጥፋት ያለው። ሁለቱን ዘንጎች ከፊት ወንበሮች በላይ አግድም ትጥላቸዋለህ፤ ጫፋቸው በሮቹ አጠገብ በተሠራ መያዣ ላይ ያርፋል። ቀን ተጠቅልሎ ከወንበር ሥር ይገባል። ክብደቱ ሦስት ኪሎ አይሞላም። የድሮዎቹ ኮምቢዎችም ለልጅ እንዲህ ያለ ነበራቸው። ልጅህ እንደሆነ ከእናንተ አልጋ ይልቅ ይህኛውን ነው የሚወድደው።

የመንዝ ባና (ማኸል ሜዳ)

ብርዱን ማንም አልመለሰለትም፤ እኔ ልመልስ። ሱፍ ፈታይ ነኝ፣ እናቴም አያቴም በዚሁ ያደሩ ናቸው።

ወንድሜ፣ መንዝ ላይ በግ እያለ ፎም ምን ያደርግልሃል? ባናውም ዝተቱም በርኖሱም ከሱፍ የሆነው ብርዱን ስለሚያውቀው ነው። የመኪና ግድግዳ ላይ ደግሞ ሱፍ የሚበልጥበት ሌላ ምክንያት አለ። ሦስት ሰው የተዘጋ ላሜራ ውስጥ ሲያድር ትንፋሹ ግድግዳው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ፎም ያንን ውሃ ከላሜራው ጋር ይዞ ያስቀረዋል፤ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሱፍ ግን የራሱን ክብደት ሲሶ የሚያህል እርጥበት ውጦ በእጅ ሲነካ ደረቅ ነው የሚመስለው። ቀን ፀሐይ ሲወጣና በሩ ሲከፈት መልሶ ይለቀዋል።

አሠራሩ ይህ ነው። የተሸለተውን ሱፍ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ሦስት አራት ጊዜ እጠበው። ውሃው ቡናማ ሆኖ መውጣቱን እስኪያቆም ነው። እየጨመቅክ እንጂ እያሸህ አይደለም፤ ከታሸ ይጠፈጠፋል፣ ከተጠፈጠፈ ደግሞ አያሞቅም። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ቦራክስ ጨምርበት፤ ብል አይቀርበውም። ናፍታሊን ግን እንዳታስገባ፤ ሰው ተኝቶ ሊተነፍሰው አይገባም። ጥላ ሥር ሁለት ቀን አድርቀውና በእጅህ አፍታታው። አንድ እፍኝ ይዘህ ጨብጠው፤ ስትለቀው ተመልሶ ካልተነፋ ገና አልተፍታታም።

ከዚያ በቀጭን አቡጀዲ ከረጢት አድርገህ፣ እንደ ፍራሽ ጥልፍ ጥልፍ ስፋው፤ ያለዚያ በጉዞ ብዛት ወደ ታች ይወርዳል። አራት ሳንቲ ውፍረት ይበቃሃል። ለኮርኒሱም ለጎኑም ጭምር 6፣ ቢበዛ 8 ኪሎ ሱፍ ነው። እላዩ ላይ ባለ 3 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ይሄዳል። ቁልቁለት የነገረህን የአየር መግቢያ ብቻ አትንካ። ለመስኮቶቹ በመጠናቸው የተቆረጠ ባና ይበቃል፤ ማታ ትሰቅለዋለህ፣ ጠዋት ለልጁ ምንጣፍ ይሆናል።

ሸዋ ሮቢቴ

ሁላችሁም የምትጽፉት ለደጋ ነው። ቆላ ሲወርድስ? እኔ በሚኒባስ ብዙ ተጉዣለሁ፤ ቤተሰብ ይዞ በመጋረጃና በሸራ መኖር ለሁለት ሌሊት እንጂ ለሳምንት አይመችም። ባለቤቱንም እንጠይቃት እስቲ። ትንሽ ክብደት ጨምሮ የሚቆለፍ ቁምሳጥንና የሚቆም ወጥ ቤት ቢኖረው ምን ነውር አለው? መኪናው እንደሆነ በቀስታም ቢሆን ይወጣል።

ሌላው አጎበር ነው። እኛ ዘንድ ወባ አለ። መስኮትና ተንሸራታቹ በር ላይ በማግኔት ወይም በቬልክሮ የሚለጠፍ መረብ ሳይኖር እዚህ እንዳታድሩ። ይህ ምንም የማይመዝን፣ ግን ከሁሉ በፊት የሚገባ ዕቃ ነው።

አናጺው (ጠባሴ)

ሮቢቴ፣ ስለ አጎበሩ ልክ ነህ። ስለ ቁምሳጥኑ ግን አልስማማም። ምቾት የሚመጣው ዕቃ ከመብዛቱ ሳይሆን ወለሉ ክፍት ከመሆኑ ነው። ያ መኪና ከውጭ ሲለካ 4 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ከ72 ነው። ከውስጥ ቆመህ አትሄድበትም። ከላይ እስከ ታች ቁምሳጥን ካቆምክበት ተቀምጠህ እንኳ ትከሻህ ይነካዋል። ዕቃው ከመስኮቱ ጫፍ በላይ አይውጣ። ከላይ የተቀመጠ ክብደት ደግሞ ጣርማበር ኩርባ ላይ መኪናውን ያወዛውዘዋል። ከባድ ነገር ሁሉ መሬት ላይ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ይሁን።

ሽቦ (አዲስ አበባ፣ የአንኮበር ልጅ)

ኤሌክትሪኩን ባጭሩ። መብራትና ስልክ ቻርጅ ብቻ ከሆነ 200 አምፒር አያስፈልግህም። ፍሪጅም ተው፤ ጓሳ ላይ ማታ በሩ አጠገብ ያስቀመጥከው ወተት ጠዋትም ቀዝቃዛ ነው። 100 አምፒር ሊቲየም (ብረት ፎስፌት የሚባለው) 12 ኪሎ ገደማ ነው፤ የአሲዱ ግማሽ አይሞላም። አንድ 100 ዋት ሶላር ይበቃዋል።

ግን ልብ በል። ይህ ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ሴሎቹ ይበላሻሉ። በእናንተ ውርጭ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ጠዋት ፀሐይዋ ሶላሩን ቀድማ ታገኘዋለች፤ ባትሪው ገና በረዶ ነው። ስለዚህ ከላሜራው ጋር አታስጠጋው፤ ከአልጋው ሥር፣ ሱፉ ከሚያሞቀው ክፍል ውስጥ ይሁን። ሲቀዘቅዝ ቻርጁን ራሱ የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ያለውን ግዛ። ፊዩዝ ደግሞ ባትሪው አፍ ላይ እንጂ ሽቦው መጨረሻ ላይ አይደረግም።

ነጭ ጋውን (ደብረ ብርሃን)

ነርስ ነኝ። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ ስላልቻልኩ ነው የገባሁት።

እባካችሁ፣ ምንም ያህል ቢበርድ መኪናው ውስጥ ከሰል እንዳታስገቡ። "ከነደደ በኋላ ነው የምናስገባው፣ ጭስ የለውም" የሚሉ ብዙ ናቸው። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። የነደደው ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ እንቅልፍ የያዘውን ሰው አያነቃውም። በሥራዬ ከሰል አስገብተው የተኙ ሰዎችን ተቀብያለሁ። ክፍሉ ሰፊ ሆኖ እንኳ እንዲያ ነው። ኮምቢ ውስጡ ወደ 5 ሜትር ኩብ ብቻ ነው፤ ሦስት ሰው አለበት፤ አንዱ ሕፃን ነው።

ቡታ ጋዙም ለማብሰያ እንጂ ለማሞቂያ አይሁን። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ወለሉ ላይ ነው የሚተኛው። ስለዚህ ሲሊንደሩ ያለበት ቦታ ከታች ወደ ውጭ የሚያስወጣ ክፍተት ይኑረው። ማታ ደግሞ አንድ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይደር። ብርድ ልብስ ጨምሩ፣ ለልጁ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ አድርጋችሁ እግሩ ሥር አስቀምጡለት። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ካገኛችሁ ከመብራቱም በፊት እሱን ግጠሙ።

ሰማያዊ ኮምቢ (ደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ከሰል ማስገባት በሐሳቤ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። ለባለቤቴም የጻፍሽውን አነበብኩላት።

ሁላችሁንም ሰምቼ ዕቅዱን እንደገና ሠራሁት። ለቁምሳጥኑ ሁለት ባለ 6 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ከነፍሬሙ 30 ኪሎ። አልጋው 14። ሱፍና የግድግዳው 3 ሚሊ 23። ስፖንጁ 6። ባትሪና ሶላሩ 19። የልጁ ሸራ 3። በታንከሩ ፋንታ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፤ ሲሞሉ 40 ኪሎ። ሲንኩ ቀርቶ በሳፋ እናጥባለን። ምድጃው አንድ አፍ ያለው ትንሹ ቡታ ጋዝ ሆነ፤ በሩን ከፍተን ውጭ እናበስላለን። ሁሉም ተደምሮ ወደ 140 ኪሎ ይመጣል።

ስለ ምግቡ ባለቤቴ ያለችውን ልንገራችሁ። እኛ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሽሮም ምስርም ጋዝ ይጨርሳል። ስለዚህ ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ይዘን ለሻይና ለቡና ብቻ እሳት እናነዳለን። በሶው ከመንዝ ገብስ ነው። ይህም ራሱ ክብደት መቀነስ ነው።

የቀረኝ ጥያቄ፦ ጀሪካኖቹን የት ላድርግ? የወንበር ቁጥር መቀነሱስ ቦሎ ላይ ችግር ያመጣብኝ ይሆን?

ቁልቁለት (ደብረ ሲና)

አሁን ሆነ። ይህ መኪና ይወጣል።

ጀሪካኖቹን በቀኝ በኩል፣ ከተንሸራታቹ በር ኋላ ወለሉ ላይ አድርግ። ቁምሳጥንህ በግራ ነው፣ ሹፌሩም በግራ ነው፤ ውሃውም ግራ ከሆነ መኪናው ያነክሳል። በቀበቶ ከወለሉ ጋር እሰራቸው። 20 ኪሎ ውሃ ድንገት ፍሬን ሲያዝ የሰው ጀርባ ላይ ነው የሚያርፈው። የኋላው መቀመጫም ቀበቶ ይኑረው፤ ቀበቶው ከእንጨቱ ጋር ሳይሆን ከመኪናው አካል ጋር ይታሰር። ልጁ በጉዞ ላይ ሸራው ላይ አይተኛም፤ እሱ መኪናው ሲቆም ነው።

ስለ ቦሎው፣ ሊብሬህ ላይ የተጻፈውን የወንበር ቁጥር አይተህ ሥራ ሳትጀምር ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ። ዕቃው በቡሎን ተፈትቶ የሚወጣ መሆኑን ንገራቸው።

ሲያልቅ ደግሞ የከባድ መኪና ሚዛን ያለበት ቦታ ውሰደው። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላዎቹን ብቻ አስመዝን። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ጭነቱ ወደ ኋላ ካጋደለ መሪው ይቀልብሃል፤ በተለይ ነፋስ ባለበት ጣርማበር ላይ። እንዲያ ከሆነ የምግብ ሳጥኑንና የመሣሪያ ቦርሳውን ከፊት ወንበሮች ጀርባ አምጣው። ጎማው ለጭነት መኪና የሚሆነው ጠንካራው ይሁን፤ የቤት መኪና ጎማ አትግጠም። የኋላዎቹ ከፊቶቹ ከፍ ያለ ንፋስ ነው የሚፈልጉት፤ ልኩን ጎሚስታው በግምት ሳይሆን በመኪናው መመሪያ ይሙላልህ። ከመንገድ በፊት ጎራ በልና ካርቡሬተሩን ለከፍታው እናስተካክለዋለን፤ አሁን ቤንዚን እየበዛበት እንደሆነ ከጭሱ ቀለም ታውቀዋለህ።